የሙሽሮቹ ቆጠራ

ጡረተኛውን የሒሳብ መምህር ሞቶ ያገኘው አናጢው ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል፣ መዶሻውንና አንድ አዲስ ሳንቃ ይዞ ረግረጉን አቋርጦ በሚያልፈው የሳንቃ መንገድ ላይ ይሄድ ነበር። የበሰበሰ ሳንቃ ሊቀይር ነው። መንገዱ ጫፍ ላይ ካለችው የወፍ መመልከቻ ጎጆ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረው ከደንገሉ መሐል ቡናማ ካፖርት ታየው። ካፖርቱን ያውቀዋል፤ ለዓመታት በየማለዳው ከፊቱ ሲሄድ አይቶታል። ውሃው ጉልበት እንኳ አይደርስም። መምህሩ ግን በግንባሩ ተደፍቶ፣ ፊቱ ውሃው ውስጥ ነበር።

ያ ረግረግ ከከተማዋ ዳርቻ፣ ከመጨረሻው የአውቶቡስ ማቆሚያ ጀርባ ያለ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ደመወዝተኛ የለውም። ቄጠማውን የሚያጭዱት፣ አጥሩን የሚጠግኑት፣ ተማሪዎችን የሚያስጎበኙት፣ ወፎቹን የሚቆጥሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቦታው በሕግ ተጠብቆ የኖረው በሁለት ወፎች ምክንያት ነው። ባለ ቀይ ጉትያ ሽመላ የሚባሉ ጥንዶች በአካባቢው ሁሉ ጎጆ የሚሠሩት በዚህ ውሃ ላይ ብቻ ነበር። በጎ ፈቃደኞቹ «ሙሽሮቹ» ይሏቸዋል። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በየአምስት ዓመቱ የቆጠራውን ደብተር ያያል፤ ሙሽሮቹ ካሉ ጥበቃው ይታደሳል፣ ከሌሉ ግን ረግረጉ ተደፍኖ ቤት ሊሠራበት ይችላል። የዘንድሮው እድሳት ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ደብተሩን የሚይዘው መምህሩ ነው። «ጋሼ ቁጥር» ይሉታል። ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ እንኳ የጣሪያውን ሚስማር ይቆጥራል እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እሱም ሚስማሩ ስንት እንደሆነ ነግሯቸው አብሯቸው ይስቃል።

ፖሊስ ሲደርስ የሁሉም ሐሳብ አንድ ነበር፤ ሰውየው ተንሸራትቶ ወደቀ። ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር የቀረው ሳጅን ገና ሳንቃውን ሲረግጥ ፍርዱን ሰጠ። «ዕድሜ ነው፣ ጤዛ ነው፣ ያረጀ እንጨት ነው። ሦስቱ ከተገናኙ ሌላ ገዳይ አያስፈልግም» አለና ሬሳው እንዲነሳ እጁን አወዛወዘ።

«ቆይ» አለች መርማሪዋ።

በመምሪያው «እመት ቆይ» የሚል ስም የወጣላት በዚችው ቃል ነው። አርባ አምስት ዓመት ያለፋት፣ ሰው ሲናገር ጫማዋን እያየች የምታዳምጥ፣ ዝምተኛ ሴት ናት። የላስቲክ ቦት ተውሳ ውሃው ውስጥ ገባችና ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ቀኝ ጆሮ ግንዱ ላይ ቁስል አለ፤ ሳንቃውን የተሸከመው ምሰሶ ላይም ትንሽ ደም። እስከዚህ ድረስ ሳጅኑ ልክ ነው። ከዚያ ግን የካፖርቱን እጅጌዎች አየች። የቀኙ ቁልፍ ተቆልፏል። የግራው ተፈቷል፤ እጅጌው ወደ ላይ ተሰብስቧል፣ የእጅ ሰዓቱም ከአንጓው ሦስት ጣት ያህል ወደ ክንዱ ተገፍቷል።

«ሲወድቅ ይሆናላ» አለ ሳጅኑ።

«ውሃ ገፍቶ ይሰበስባል። ቁልፍ ግን አይፈታም።»

ከዚያ ወደ ጎጆዋ ሄደች። አግዳሚው ላይ የቆጠራው ደብተር ተቀምጧል፤ ደረቅ ነው፣ እርሳሱ መሐሉ ላይ ገብቷል። በዕለቱ ቀን ሥር «ሰዓት 1፡40» ይላል። ቀጥሎ በጠባቦቹ ሰንጠረዦች ውስጥ ጥቃቅን፣ ጥርት ያሉ ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ዳክዬ 64፣ ዝይ 10፣ ዓሣ አጥማጅ ወፍ 3፣ ሙሽሮች 2። ወደ ኋላ ገለጠች። ያለፉት ሦስት ሳምንታት ገጾች የመምህሩ ናቸው፤ በነዚያ ሁሉ የሙሽሮቹ ቦታ ባዶ ነው። ዜሮ አልተጻፈበትም፣ እንዲሁ ባዶ። ከዚያ በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት ደግሞ በሌላ ሰው እጅ የተጻፉ ናቸው፤ በየቀኑ፣ ያለ ማቋረጥ፣ ሙሽሮች 2 ይላሉ።

ሳጅኑ ከትከሻዋ በላይ አይቶ ተነፈሰ። መምህሩ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ በሕይወት ከነበረ፣ በዚያ ሰዓት በዕለቱ የመጡት ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ሁሉ፣ እንደነገሩት፣ በረግረጉ በር አጠገብ ባለው ክፍል አብረው ሻይ ሲጠጡ ነበሩ። ከነሱ ማንም ሊነካው አይችልም ነበር።

ያች ክፍል ከጭቃ ቦቶች፣ ከአካፋዎችና ከአንድ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ በቀር ብዙ ነገር የላትም። ግድግዳዋ ላይ የሥራ ድልድል የሚጻፍበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። አናጢው እዚያ ተቀምጦ፣ ሰፋፊ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ሳይጠየቅ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ያንን የበሰበሰ ሳንቃ መምህሩ ሦስት ጊዜ አሳይቶት ነበር፤ ዓርብ ዕለት በዚሁ ተጨቃጭቀው ሳይሰነባበቱ ተለያዩ። «ሐሙስ ቀይሬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቆመው ይሰድቡኝ ነበር» አለ።

መርማሪዋ የበሰበሰው ሳንቃ መምህሩ ከወደቀበት ቦታ ብዙ እርምጃ እንደሚርቅና ጭራሽ እንዳልተረገጠ ነገረችው። አናጢው ቀና ብሎ አያት፤ ለማመን ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ የጠዋቱን ነገር በቅደም ተከተል አወራላት። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሲደርስ የበጎ ፈቃደኞቹ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ጡረተኛዋ ነርስ፣ ክፍሉን ከፍታ ውሃ ጥዳ ነበር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፎቶ አንሺው መጣ። አናጢው ራሱ ለሥራ እስኪወጣ ድረስ ከክፍሉ የወጣ ሰው አልነበረም።

«ሬሳውን ነክተውታል?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልነካሁም። ሮጬ ለእቴቴ ነገርኳቸው። አብረን ተመልሰን ውሃው ውስጥ ልገባ ስል 'አልቋል፣ አትንኩት፣ ፖሊስ ይጠራ' አሉኝ። እሳቸው እዚያው ሳንቃው ላይ ቆመው ነው ያወቁት። ሠላሳ ዓመት ነርስ የነበሩ ሰው ናቸው።»

«እሳቸውም ፎቶ አንሺውም አልወረዱም?»

«ማንም አልወረደም።»

ሁሉም «እቴቴ» የሚሏት ነርስ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ ጸጉሯ ጥጥ የመሰለ፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ። መርማሪዋ ስትገባ የሻይ ብርጭቆዎችን ታጥብ ነበር፤ ያጠበቻቸውን መልሳ ታጥባለች። ስለ ረግረጉ ስትጠየቅ ድምፏ ለሰለሰ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ቦታውን ሊደፍን የመጣው ማሽን ፊት የምትታጠፍ ወንበር ዘርግታ ሦስት ቀን ተቀምጣ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንድ የማታውቀው የሒሳብ መምህር የራሱን ወንበር ይዞ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ወዳጅነታቸው ከዚያ ይጀምራል። መምህሩ ዓይኑ ደክሞ ሁለት ዓመት ቤት ሲውል የቆጠረችለት እሷ ናት። ከአንድ ወር በፊት በቀዶ ሕክምና የዓይኑ ሞራ ተነስቶለት ወደ ደብተሩ ተመለሰ።

መርማሪዋ ወደ ሰሌዳው ዞረች። «2፡30 ሳንቃ መቀየር» ይላል፣ «4፡00 አጥር» ይላል። ዜሮዎቹ ሁሉ ሆዳቸው ላይ የተጋደመ ጭረት አላቸው።

«ይሄ ጭረት ምንድን ነው እቴቴ?»

«የሆስፒታል አመል ነው ልጄ። የመድኃኒት መጠን ላይ ዜሮውና ስድስቱ ከተምታቱ ሰው ይሞታል።»

«ሙሽሮቹስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አለች ነርሷ፤ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንስታ እያየች። «ትናንትም አይቻቸዋለሁ።»

እሑድ ጠዋት ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደወለ። ቁስሉ ራስን የሚያስት እንጂ የሚገድል አልነበረም። ሳንባው ውስጥ ውሃ አለ። ሰውየው የሞተው ወድቆ ሳይሆን፣ ከወደቀ በኋላ ፊቱን ከውሃው የሚያዞርለት አጥቶ ነው።

መርማሪዋ ከዚያ ወደ ፎቶ አንሺው ሄደች። ሱቁ ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ለጉርድ ፎቶ የሚሆን ነጭ መጋረጃ፣ አንድ በርጩማ፣ ለደንበኛ የተሰቀለ ማበጠሪያ። የካሜራው መክደኛ ሰው እንዳይገባበት ከተከለከለው የረግረጉ ክፍል ተገኝቶ ነበር፤ መምህሩም በዚሁ ምክንያት ሁለቴ አስጠንቅቆታል። ፎቶ አንሺው አልካደም። ሐሙስ ማለዳ በደረቱ እየተሳበ ገብቷል። ያነሳውንም አሳያት። ከደንገሉ ሥር አንዲት ዓሣ አዳኝ የውሃ ውሻ ሦስት ቡችሎቿን በአንገታቸው እያንጠለጠለች ከጉድጓዷ ስታወጣ ይታያል። ፎቶዎቹ ግሩም ነበሩ።

«የሙሽሮቹንስ?»

ፎቶ አንሺው መሳቢያውን ከፈተና ብዙ አገላብጦ አንድ ፎቶ አወጣ። ሁለቱ ወፎች ከጎጆአቸው በድንጋጤ ሲነሱ የሚያሳይ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈው ቀን ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ከዚህ ወዲህ አላነሳህም?»

«ከዚህ ወዲህ እነሱም የሉም።»

ከዚያ በኋላ ያለው በዝግታ ወጣ። በዚያ ቀን ከመጠን በላይ ተጠግቷቸው ነበር። በረሩ፤ አልተመለሱም። በየሳምንቱ እየሄደ ፈለጋቸው። እቴቴ የያዙት ደብተር ግን በየሳምንቱ ሁለት ይል ነበር። «መጀመሪያ የኔ ዓይን ነው ብዬ ነበር። በኋላ ግን እሳቸው 'አሉ' ካሉ እኔ ለምን የሉም እላለሁ? አሉ ማለት እኔ አላባረርኳቸውም ማለት ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ሲያለቅስ ድምፁ አይወጣም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

የመምህሩ ታናሽ እህት ልብስ ሰፊ ናት። ወንድምና እህት ሳያገቡ በሁለት ክፍል ቤት አብረው አርጅተዋል። ለቀስተኛው ወጥቶ ነበርና መርማሪዋ ብቻዋን አገኘቻት፤ ቡናማው ካፖርት ሲመለስላት የምትጠግንበት ክር ስትመርጥ ነበር። ለምን እንደምትመርጥ ራሷም አላወቀችም።

ወንድሟ ዓርብ ማታ እህል አልቀመሰም። ሲያስብ እንደሚያደርገው ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ተቀመጠ። «'ከሁሉ በፊት ለአንድ ሰው መንገር አለብኝ' አለኝ። ማን ብዬ አልጠየቅኩትም። የወፍ ነገር ነው ብዬ ናቅኩት።» ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣ፤ ከመቸኮሉ የተነሳ ሻዩን እንኳ አልጨረሰም። እህቱ ይህን እያለች ከስፌት መኪናው ላይ አንድ መነጽር አነሳች።

«ይሄንንም ረስቶ ሄደ። ሲደክመው ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ።»

«የምን መነጽር ነው?»

«የማንበቢያ። ዓይኑን ከተሠራ ወዲህ ሩቁን እንደ ንስር ያያል፤ ቅርቡ ግን ጠፋበት። ባለፈው ወር ያለዚህ መነጽር ደብዳቤ ፈርሞ፣ ፊርማው ጽሑፉ መሐል አረፈ። ስቀን ልንሞት።»

መርማሪዋ መነጽሩን ተቀብላ ዓይኗ ላይ አደረገች፤ ከዚያ አወለቀችው። ጫማዋን እያየች ብዙ ቆየች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በረግረጉ በር አጠገብ ባለችው ክፍል ተሰበሰቡ። አናጢው ከበሩ አጠገብ ቆመ። ፎቶ አንሺው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ነርሷ ወንበሯን ለመምህሩ እህት ለቀቀችላትና አጠገቧ ሆና እጇን ያዘቻት። ሳጅኑ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። መርማሪዋ የቆጠራውን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

መጀመሪያ አናጢውን ነፃ አወጣችው፤ ሳንቃው አልገደለም። ከዚያ ወደ ደብተሩ መጣች። መምህሩ ቅዳሜ የማንበቢያ መነጽሩን ቤት ረስቶ ነው የሄደው። ያለሱ የራሱን ፊርማ ቦታ የማያገኝ ሰው፣ በጠባብ ሰንጠረዥ ውስጥ እነዚህን ጥቃቅን ቁጥሮች ሊጽፍ አይችልም። ስለዚህ የቅዳሜውን ገጽ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ደብተሩም ደረቅ ነበር፤ መምህሩ ሲወድቅ በእጁ አልነበረም ማለት ነው።

«ሰው የሌላውን ደብተር አስመስሎ የሚጽፈው ለምንድን ነው?» አለች። «ሰዓቱን አየሁት። አንድ ሰዓት ከአርባ። በዚያ ሰዓት ሦስታችሁም እዚህ ነበራችሁ። ጸሐፊው መምህሩ እስከዚያ ድረስ በሕይወት እንደነበሩ እንድናምን ፈልጓል። ከተሰበሰባችሁ በኋላ ግን ከዚህ የወጣ የለም፤ እንግዲያ መምህሩ የሞቱት አንድ ሰዓት ከሩብ ሳይሆን ነው፤ ከናንተ ማንም እዚህ ሳይሰበሰብ በፊት።»

ከውጭ የዳክዬ ድምፅ ይሰማል።

መርማሪዋ የአርባውን ዜሮ በጣቷ ነካች፤ ቀጥሎም የዝይዎቹን አሥር። ሁለቱም ሆዳቸው ላይ ጭረት አላቸው። ገልጣ የመምህሩን ገጾች አሳየች፤ የሱ ዜሮዎች እንደ እንቁላል ንጹሕ ናቸው። ከዚያ ዓይኗን ወደ ሰሌዳው አነሳች። የሁሉም ዓይን ተከተላት።

«እጅጌያቸውም አለ» ስትል ቀጠለች። «የግራው ቁልፍ ተፈትቷል፣ ሰዓታቸው ወደ ላይ ተገፍቷል። አንድ ሰው የልብ ትርታቸውን ዳስሷል። እናንተ ግን ሬሳው ሲገኝ ማንም አልነካም ብላችኋል። የዳሰሰው እንግዲህ ቀደም ብሎ ነው። ቅዳሜ እዚህ ከነበሩት ሁሉ ሰው ወድቆ ሲያይ እጁ ሳይታዘዝ ወደ አንጓ የሚሄደው የአንድ ሰው ነው። ያ ሰው ሬሳው በተገኘ ጊዜ ግን አልወረደም፤ ከሩቅ 'አልቋል' አለ። ማለቁን አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር።»

የመምህሩ እህት እጇን ከነርሷ እጅ ቀስ ብላ አወጣች።

«አንድ ነገር ብቻ ነው ያስቸገረኝ» አለች መርማሪዋ፤ አሁን ለነርሷ ብቻ ነበር የምትናገረው። «መምህሩ የሙሽሮቹን ቦታ ሦስት ሳምንት ባዶ ነው የተዉት። እርስዎም ባዶ ቢተዉት የሚጠረጥር አልነበረም። ለምን ሁለት ብለው ጻፉ? ብዙ አሰብኩ። ሁሉን ነገር ያደረጉት ለዚያ ቁጥር ነው። እሱን ባዶ መተው አልቻሉም።»

ነርሷ ስትናገር ድምፏ የተረኛ ነርስ ድምፅ ነበር፣ ለቀጣይዋ ተረኛ በሽተኛ እንደምታስረክብ።

ሙሽሮቹ እንደማይመለሱ ካወቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በየማለዳው ከሁሉም ቀድማ እየሄደች ታያለች፤ የሉም፤ ተመልሳ አሉ ትላለች። ሁለት ወፎች ስለጠፉ ሌላው ሁሉ፣ ዳክዬው፣ እንቁራሪቱ፣ የውሃ ውሻው፣ ከነቤቱ መቀበር አለበት? ቅዳሜ ሳንቃው ላይ ተገናኙ። መምህሩ ሦስት ሳምንት እንደታገሰ፣ ከዚያ በላይ ባዶ መተው ራሱ ውሸት እንደሚሆንበት ነገራት። ከእድሳቱ በኋላ ጻፈው ብላ ለመነችው።

«'ዜሮም ቁጥር ነው እቴቴ' አለኝ። በቁጣ አይደለም ያለው። እያዘነልኝ ነበር። ደብተሩን ያዝኩበት። ጎተተ፤ ጎተትኩ። ደብተሩ እኔ እጅ ቀረ፣ እሱ ወደቀ።»

«ወረዱ?»

«ወረድኩ።»

«ትርታው ነበረ?»

አናጢው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ነበረ» አለች ነርሷ። «ደካማ ነው፤ ግን ነበረ። በአንድ እጅ ይገለበጥ ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ ሰው ሳገላብጥ የኖርኩ ነኝ። ቢነሳ ዜሮውን ይጽፋል አልኩ። አንጓውን ይዤ ቆምኩ። እስኪቆም ድረስ ቆጠርኩት።»

ሳጅኑ መጻፉን አቆመ።

የመምህሩ እህት ከወንበሯ አልተነሳችም፤ አልጮኸችም። እንደምትሰፋው ልብስ ጉልበቷ ላይ ያለውን ቀሚሷን እያስተካከለች፣ «እናታችን ስትሞት አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ነሽ» አለች። «እኔ ፈርቼ ከቤት ስወጣ ዓይኗን የከደንሽው አንቺ ነሽ። 'ብቻዋን አልሞተችም፣ እጇን ይዤ ነበር' ብለሽ አጽናናሽኝ። የሱንም እጅ ይዤ ነበር ልትይኝ ነው?»

ነርሷ ለመቀመጥ ፈለገች፤ ወንበር ስላልነበረ ግድግዳውን ተደገፈች። ሳጅኑ ክንዷን ደግፎ ወደ መኪናው ወሰዳት። ሲሄዱ እርምጃውን ለሷ እርምጃ አሳጠረ።

በዚያው ሳምንት የመምህሩ እህት የወንድሟን ደብተሮች፣ የሃያ ስድስቱን ዓመት ሁሉ፣ በካርቶን አሽጋ ለመሥሪያ ቤቱ ላከች። በጎ ፈቃደኞቹ ተሰብስበው አንድ ገጽ ደብዳቤ አያያዙበት። ሁለት ዓመት ያህል የተመዘገበው የሙሽሮቹ ቁጥር ሐሰት እንደነበረ፣ ሙሽሮቹም እንደሌሉ አመኑ። ፎቶ አንሺው የራሱን ጥፋት በራሱ እጅ ጻፈ። አናጢው ሲፈርም «እንግዲህ ረግረጉን በገዛ እጃችን ደፈንነው» አለ። ማንም አልተቃወመውም።

መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ባለሙያዎች ልኮ ነበር፤ ሦስት ቀን በውሃው ውስጥ ሲመላለሱ ሰነበቱ። ደብዳቤው አጭር ነው። የሽመላዎቹ ጥበቃ ቀርቷል። ነገር ግን በቦታው የሚራቡ የውሃ ውሾች በመገኘታቸው፣ እንዲሁም ከመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት በቀር ይህን ያህል ዘመን በትክክል የተመዘገበ ቆጠራ ሌላ ቦታ ስለሌለ፣ ረግረጉ ለሚቀጥሉት ዓመታት ባለበት ይጠበቃል።

መርማሪዋ የደብዳቤውን ቅጂ ይዛ ወደ ማረሚያ ቤቱ ሄደች። መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት ነበር፤ ይህ ወሬ ምሕረት ይሁን ቅጣት አላወቀችም። ነርሷ ከስታለች። ደብዳቤው ሲነበብላት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ አዳመጠች። ሲያልቅ እንደገና እንዲነበብላት ጠየቀች፤ መርማሪዋም ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችላት።

«ረግረጉ ሳይዋሽለትም ይተርፍ ነበር ማለት ነው» አለች ነርሷ።

መርማሪዋ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እህቱ ይህን ሰምታለች?»

«ሰምታለች።»

«እኔ መስማቴንስ ታውቃለች?»

መርማሪዋ ወረቀቱን አጥፋ ወደ ነርሷ ገፋችው።

«እሷ ናት የላከችኝ» አለች።

ነርሷ ወረቀቱን ተቀበለች። ለይቅርታ ይሁን ለፍርድ እንደተላከላት ልትጠይቅ ቀና አለች፤ ግን አልደፈረችም። የጉብኝቱ ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም እዚያው ተቀመጡ።